«ስለ ምግብ ልማር መጣሁ፣ ኬሚስትሪ ጠበቀኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ ስጽፍ ሥነ ምግብን በሁለት መስመር ነክቼው አልፌ ነበር። ሁለቷ መስመር የደብዳቤ መዓት አመጣች። እኔም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ሆስፒታል ሠርቼበታለሁ፣ በኋላም አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የማንንም ስም አላወጣሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የሥነ ምግብ ተማሪ ነኝ። እዚህ ዲፓርትመንት የገባሁት ሰው ምን ቢበላ እንደሚሻለው ለማወቅ ነበር። የምማረው ግን ስለ ኢንዛይም፣ ሴል ምግብን ጉልበት ስለሚያደርግበት የክሬብስ ዑደት፣ ስለ ኤሌክትሮን ነው። ባለፈው ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ ጣለኝ። አሁን እየደገምኩት ነው። ጓደኞቼ «ዲፓርትመንት ቀይሪ» ይሉኛል። ሰውን ስለ ምግብ ለመምከር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? እባክዎ ይንገሩኝ። — ግራ የገባት

መልስ፦ እህቴ፣ ባዮኬሚስትሪ እኔንም አንገላቶኛል። በመጀመሪያው ፈተና ከ50 ያመጣሁት 18 ነበር። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለሁለት ቀን ለማንም አላሳየሁም። ስለዚህ ያለሽበትን አውቀዋለሁ።

ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም። ልምምድ ላይ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ አንድ ሆስፒታል ተመደብኩ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ተኝተው አገኘሁ። ለሳምንታት ምግብ አልወርድ ብሏቸው ቆይተዋል። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ የእጃቸው አጥንት ይቆጠራል። እኔ ቶሎ ብዬ ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ክብደታቸውን፣ ቁመታቸውንና ዕድሜያቸውን በቀመሩ ውስጥ አስገባሁ። በቀን የሚያስፈልጋቸውን ካሎሪ አሰላሁ። ሒሳቡ ልክ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሙሉው መጠን ይሰጣቸው ብዬ ጻፍኩ። ለተራበ ሰው ከማብላት ሌላ ምን አለ? እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

የልምምዱ ኃላፊዬ ወረቀቱን አየችው። አልተቆጣችም። «ፎስፌታቸው ስንት ነው?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። መታየት እንዳለበትም አላሰብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ለብዙ ቀን ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ ስኳር ማቃጠሉን ይቀንስና ወደ ስብ ይዞራል። ኢንሱሊን ዝቅ ይላል። በሴሎች ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናት ቀስ እያሉ ይመናመናሉ። የደም ምርመራው ግን ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል። በዚህ መሀል ድንገት ብዙ ምግብ ይመጣል። ኢንሱሊን ከፍ ይላል። ሴሎቹ ስኳሩን ሲስቡ ፎስፌቱንም ከደም ውስጥ አብረው ይስቡታል። ምክንያቱም ስኳርን ወደ ጉልበት የመቀየሩ ሥራ የሚጀምረው ፎስፌት በመለጠፍ ነው። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ያሽቆለቁላል። ልብ ይደክማል። የመተንፈሻ ጡንቻም ይደክማል። ረሃቡን የተቋቋመ ሰው በምግቡ ሊሞት ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በረሃብ ቆይተው ነጻ የወጡ እስረኞች ምግብ ካገኙ በኋላ ሲሞቱ ታይቷል። ሐኪሞች ነገሩን በደንብ ያጠኑት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቲያሚን የምትባለው ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ አለች። ከስኳር የመጣው ፓይሩቬት ወደ ክሬብስ ዑደት የሚገባው እሷ በሩን ስትከፍትለት ነው። የተራበ ሰው ቲያሚኑ አልቋል። ስኳር ብቻ ብትሰጪው በሩ ላይ ይከማቻል። አንጎልና ልብ ይጎዳሉ። አየሽ፣ ያ የጣለሽ ኮርስ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር።

አዛውንቱ መጀመሪያ ቲያሚን ተሰጣቸው። ምግቡ በቀን በኪሎ 10 ካሎሪ አካባቢ ተጀመረ። እኔ ከጻፍኩት በብዙ ያነሰ ነው። ደማቸው በየቀኑ እየታየ መጠኑ ከፍ አለ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን በእግራቸው ሄደው ወጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው ስሜን ጠየቁኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

አሁን ስለ ጥናቱ ልንገርሽ። እኔ የወደቅኩት ስም ስሸመድድ ነው። ያለፍኩት ጥያቄዬን ስቀይር ነው። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ዑደቱን በእጄ ሳልኩት። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ «እዚህ ቦታ የምትሠራው የትኛዋ ቫይታሚን ናት? እሷ ብትጠፋ ሰውየው ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኩ። ቢ1 ከበሩ ላይ አለች። ቢ2 ኤፍኤዲ ውስጥ አለች። ቢ3 ኤንኤዲ ውስጥ፣ ቢ5 ደግሞ ኮኤንዛይም ኤ ውስጥ። ሦስቱም የኢንዛይም ረዳቶች ናቸው። ሃንስ ክሬብስ ዑደቱን በ1937 ሲያወጣው ለፈተና ብሎ አይደለም። ምግብ እንዴት ጉልበት እንደሚሆን ሊያሳይ ነው። በዚህ መንገድ ሞክሪው። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተራ በተራ ሰሌዳ ላይ አስረዱ። ማስረዳት ያቃተሽ ቦታ ያልገባሽ ቦታ ነው። መምህርሽ ጋ ይዘሽው የምትሄጂው እሱን ነው።

መቀየሩን በተመለከተ፣ የምትወጂው ምግብ መሥራቱን ከሆነ የምግብ ዝግጅት ሙያ ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ ነው። እዚያ ሂጂ። የምትወጂው ሰው በምግብ ምክንያት ሲታመምና ሲድን የሚሆነውን ማወቅ ከሆነ ግን አትቀይሪ። አንድ ኮርስ መድገም በማንም ላይ የሚደርስ ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ልጄ ጥሩ ውጤት አምጥታለች። ሐኪም ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ ሥነ ምግብ ካልተማርኩ አለች። እኔ አልገባኝም። ስለ ምግብ ማወቅ ከእናቷ የምታገኘው አይደለም ወይ? አራት ዓመት የሚያስቆይ ምን አለው? — አሳቢ አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ የብዙ ወላጅ ነው። የእኔም አባት እንዲህ ብለው ነበር። እሳቸውን በወቅቱ በደንብ አላስረዳኋቸውም። ለእርስዎ ልሞክር።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ጃቫ ውስጥ ቤሪቤሪ የሚባለውን በሽታ ያጠና ነበር። በሽታው እግር ያሰንፋል፤ ልብ ያደክማል፤ ብዙ ሰው ይገድላል። ሐኪሙ ጀርሙን ይፈልጋል። ለምርምር ያስቀመጣቸው ዶሮዎችም እንደ ሰዎቹ እግራቸው ሰንፎ መውደቅ ጀመሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሳያስበው ዳኑ። ሲያጣራ ለካ ዶሮዎቹ ከወታደራዊ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ ነጭ ሩዝ ሲበሉ ነበር። አዲስ ምግብ አብሳይ ሲመጣ የወታደሩን ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አልሰጥም አለ። ያልተፈተገ ሩዝ መብላት ጀመሩና ተነሡ። መድኃኒቱ ተፈትጎ የሚጣለው ገለፈት ውስጥ ነበር። አይክማን ራሱ መጀመሪያ ላይ በትክክል አልተረዳውም። ሩዙ ውስጥ መርዝ አለ፣ ገለፈቱ ያረክሰዋል ብሎ ነበር የሚያስበው። የጎደለ ነገር ሰውን ሊያሳምም ይችላል የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነበር። ያ የጎደለው ነገር ቅድም ለተማሪዋ የነገርኳት ቲያሚን ነው። አይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እናት ልጇን ምን እንደምታበላ ታውቃለች። በዚህ እስማማለሁ፣ ከእናቴ የተማርኩት ብዙ ነው። ነገር ግን ያንን ሩዝ ያበሉ እናቶችም ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር። በዓይን የማይታየውን ጉድለት ለማግኘት መለካት ያስፈልጋል። ልጅዎ የምትማረው ያንን ነው። ኬሚስትሪ፣ የሰውነት አሠራር፣ የምግብ ንጥረ ነገር ትንተና፣ ስታቲስቲክስ፣ በሽተኛን መመገብ፣ የማኅበረሰብ ጥናት ትማራለች። ስታቲስቲክሱን አደራ እንዳትንቀው ይንገሯት። በዚህ ሙያ እውነትና ወሬ የሚለዩት በሱ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1991 አንድ ትልቅ ጥናት ይፋ ሆነ። ቀደም ሲል የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ክፍተት ያለበት ልጅ ያረገዙ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። አንዲት ትንሽ ቫይታሚን ናት። ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች ዱቄት ውስጥ እንድትጨመር በሕግ ደነገጉ። ይህን ያህል ልጅ በደህና እንዲወለድ ያደረገ ሥራ ከሕክምና የሚያንስ አይመስለኝም።

አንዲት ጥብጣብም አለች። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ልጅ የላይኛው ክንድ ላይ ትጠመጠማለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካነበበች ልጁ በከባድ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ሕመሙ ተወሳስቦ ሆስፒታል ከተኛ የሚጀመርለት ልዩ ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ አለው። ሲጠነክር ወደ 100 ይሸጋገራል። ለምን በትንሹ እንደሚጀመር ከላይ በአዛውንቱ ታሪክ አንብበውታል። ልጅዎ ያቺን ጥብጣብ ይዛ የምታድነው ሕፃን ይኖራል።

ደመወዙን አልሸሽግዎትም። በአብዛኛው ቦታ ከሐኪም ያነሰ ነው። ሥራው ግን ሰፊ ነው። በሆስፒታል፣ በሕዝብ ጤና ፕሮግራም፣ በምግብ ፋብሪካ የጥራት ክፍል፣ በምርምር፣ በስፖርት ቡድን ውስጥም አለ። አንድ ነገር ልለምንዎት። ከመከልከልዎ በፊት በሙያው የሚሠራ አንድ ሰው ፈልጉና አብራችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ጥያቄውን ልጅዎ ሳትሆን እርስዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በማኅበራዊ ገጼ ላይ ስለ ምግብ እጽፋለሁ፤ ተከታይም አፍርቻለሁ። አንድ ነጋዴ የቫይታሚን እንክብል ካስተዋወቅኩለት በሽያጩ ልክ ኮሚሽን እንደሚከፍለኝ ነግሮኛል። ገንዘቡ ያስፈልገኛል። ቫይታሚን ደግሞ ሰው አይጎዳም። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቀበል። ችግርህን አቅልዬ አይደለም። ተማሪ ሆኖ ገንዘብ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን «ቫይታሚን ሰው አይጎዳም» ያልከው ስህተት ነው።

ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶችን ያሳተፈ ጥናት ተደርጎ ነበር። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች በካንሰር የሚያዙት አነስ ይላል። አትክልት ውስጥ ደግሞ ቤታ ካሮቲን አለ። እንግዲህ ቤታ ካሮቲኑን በእንክብል ብንሰጥ የሳንባ ካንሰርን ይከላከላል ተባለ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ግን ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ጥናት ይካሄድ ነበር። ጉዳቱ ስለታየ በ1996 መጀመሪያ ላይ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። እነዚያ ተመራማሪዎች ከእኔም ከአንተም ይልቅ ያውቁ ነበር። ሰውንም ለመጉዳት አላሰቡም።

ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ የሚሟሙ ናቸው። ትርፉ በሽንት ቶሎ አይወጣም። ቫይታሚን ኤ በእርግዝና ጊዜ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል። ገጽህን የሚያነበው ሰው አጫሽ ይሁን ነፍሰ ጡር፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አታውቅም። አንባቢህ ግን የሥነ ምግብ ተማሪ ነው ብሎ ያምንሃል።

ገጹን አትዝጋው። የምትማረውን ጻፍበት። አንድን ሰው ለይተህ «አንተ ይህን ብላ፣ ያንን ተው» አትበል፤ ፈቃዱ ገና የለህም። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዲፓርትመንትህ ውስጥ መረጃ የሚሰበስብ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ተማሪ የሚፈልግ ተመራማሪ አይጠፋም። እኔ ሁለት ክረምት በዚህ ነው የኖርኩት።

ጥያቄ፦ «ዳይቲሺያን» እና «የሥነ ምግብ ባለሙያ» አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ዳይቲሺያን በሽተኛን በምግብ ለማከም የሠለጠነ ነው። በክትትል የተደረገ የሆስፒታል ልምምድ ይጠየቃል። በብዙ አገሮች ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራበት አይችልም። ብሪታንያ አንዷ ናት። «የሥነ ምግብ ባለሙያ» የሚለው ግን እዚያም ቢሆን እንዲያ አልተጠበቀም። አሜሪካ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ለዳይቲሺያንነት ፈተና ለመቀመጥ ሁለተኛ ዲግሪ ትጠይቃለች። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ፕሮግራሙ የሆስፒታል ልምምድ ይኑረው አይኑረው ጠይቅ። ይህን ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሰው የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ያሳዝኑኛል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የ24 ሰዓት የምግብ ቃለ መጠይቅ እየሰበሰብኩ ነው። ሰዎች ይዋሹኛል። የነገሩኝን ስደምረው በዚያ ካሎሪ ሰው ቆሞ ሊሄድ አይችልም። መረጃዬ ሁሉ ተበላሸ። አማካሪዬን እንዴት ብዬ ላናግራቸው?

መልስ፦ «ይዋሹኛል» የሚለውን ቃል ተወው፤ ከዚያ እንነሳ።

ሰው ትናንት የበላውን አሳንሶ መናገሩ የታወቀ ነገር ነው። ልዩ ምልክት ያለው ውሃ ጠጥተው ሰውነታቸው ያወጣው ጉልበት በትክክል የተለካ ሰዎች አሉ። እነሱም በቃለ መጠይቅ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የተናገሩት ካወጡት ያነሰ ነበር። የተማረውም ያልተማረውም እንዲያው ነው። አንዳንዱ ይረሳል። አንዳንዱ ያፍራል። እየሠራ የቀመሰውን፣ ከልጁ ሳህን ያነሳውን፣ ቆሞ የጎረሰውን እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

እኔም አንዲት እናት ስጠይቅ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። ምሳ ምን እንደበላች ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ሳላስበው «ሌላስ?» አልኩና ቅንድቤን አነሣሁ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መልሷ ሁሉ ተለወጠ። አትክልት በዛ። ፍራፍሬ መጣ። ስወጣ ልጇ በር ላይ «እማዬ፣ ያንን መቼ በላን?» ስትላት ሰማሁ። ያቺ እናት አልዋሸችኝም። ፊቴን አንብባ የምፈልገውን ሰጠችኝ። ያን ቀን ያበላሸሁት ቁጥር ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋን በገዛ ቤቷ አሳፍሬያታለሁ። አሁንም ትዝ ስትለኝ ያመኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ሳታቋርጥ ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ ያለውን ይዘርዝሩልህ። ቀጥለህ የሚረሱትን አስታውሳቸው፤ መጠጥ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ በመሀል የተቀመሰ። ከዚያ ሰዓቱንና ቦታውን ጠይቅ። ቦታው ሲነሳ ብዙ ነገር ይታወሳል። መጠኑን መጨረሻ ላይ አድርገው፤ በራሳቸው ሳህንና ማንኪያ ይለካ። ሲጨርሱ አንድ ጊዜ ጸጥ በል። የሚቀረው የሚመጣው በዚያች ጸጥታ ውስጥ ነው። «ጥሩ» አትበል፣ «እንዴ!» አትበል። ከቻልክ እያንዳንዱን ሰው በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ጠይቅ። የአንድ ቀን ምግብ የአንድ ሰው ልማድ አይደለም።

አማካሪህን እውነቱን ንገራቸው። ቁጥሩን አታስተካክል። የዝቅተኛ ሪፖርቱን ስፋት ራሱን አስላና በጽሑፍህ አንድ ክፍል አድርገው። እኔ ፈታኝ ብሆን ያንን ክፍል ነው መጀመሪያ የማነበው።

ጥያቄ፦ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሥነ ምግብ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ለላብ ሥራ ብዬ የገዛሁትን ትንሽ ሚዛን አሁን ለራሴ ምግብ እጠቀምበታለሁ። ሳልመዝን አልበላም። ጓደኞቼ ሲጠሩኝ በልቻለሁ እላለሁ። ሌሊት ስለ ምግብ አስባለሁ፤ የምግብ አሠራር ቪዲዮ እያየሁ ይነጋል። ውጤቴ ጥሩ ነው። ግን ደክሞኛል፤ ይበርደኛል። በዚህ ሁኔታ ሰውን መምከር ይገባኛል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ስለ ጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ጥናት ልንገርሽ። ምናልባት ክፍል ውስጥ በስሙ ብቻ አልፋችሁት ይሆናል። በ1944 እና 1945 ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃደኝነት ለስድስት ወር ግማሽ ያህል ምግብ እየበሉ ኖሩ። ስለ ካሎሪው ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ ሆን ብዬ ነው። የሆኑትን ግን ስሚ። በረዳቸው። ደከማቸው። ከጓደኛ ሸሹ። ቀድሞ ምግብ አብስለው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ስለ ምግብ አለሙ፤ ሌላ ነገር ማሰብ አቃታቸው። ጥናቱ ሲጀመር ጤናማ ስለሆኑ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። እንዲያ ያደረጋቸው የምግቡ ማነስ ነው።

ሌሊት የምታይው ቪዲዮ፣ ብርዱ፣ ከጓደኞችሽ መራቁ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። የተበላሸ ሰው ስለሆንሽም አይደለም። ሰውነትሽ እየጠራሽ ነው።

እኔ ከዚህ ሆኜ ላክምሽ አልችልም፤ አልሞክርምም። ይህ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያዩት ነገር ነው። በጊዜ ሲያዝ ይድናል። ዩኒቨርሲቲሽ የተማሪዎች ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ካለው መጀመሪያ እዚያ ሂጂ። ሐኪሙን «ደክሞኛል» ብቻ አትበይው። ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ አንብቢለት። የልብ ምትሽን፣ የደም ግፊትሽን፣ ፖታሺየምና ፎስፌትሽን እንዲያይልሽ ጠይቂ። ምግብ ብዙ ቀንሰሽ ከሆነ መልሰሽ የምትጨምሪው በባለሙያ ክትትል ይሁን፤ ለምን እንደሆነ አንቺ ከማንም በላይ ይገባሻል። ራስሽን ካዞረሽ፣ ከወደቅሽ፣ ልብሽ ያለ ወትሮው ከመታ ወይም ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሰውን መምከር ይገባኛል ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። አሁን የምትረጂው አንቺ ነሽ። ሙያው ግን ከእጅሽ አልወጣም። አብረውኝ ከሠሩት መካከል በዚህ ውስጥ ያለፈች አለች። ታክማ ተመልሳለች። በሽተኛ ስታናግር ወንበሯን አስጠግታ ትቀመጣለች፤ ሚዛኑን መጨረሻ ላይ ነው የምታነሣው። እኔ ያንን ከሷ ነው የተማርኩት።

ዛሬ ማታ ከምታምኛቸው አንዷን ጥሪያትና ሚዛኑን ስጫት። ለምን እንደሆነ ባትነግሪያትም ትያዝልሽ። ነገ ወደ ክሊኒኩ ስትሄጂ አብራሽ ትሂድ። ከሄድሽ በኋላ ጻፊልኝ። አምዱ ላይ አላወጣውም።